ዜሮ የተባሉት ሰባት ወራት

ዓሪፍ መርሳ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጤና ሪፖርት አጠናቃሪ ነበር። ከየጤና ጣቢያው በየወሩ የሚመጣውን ወረቀት እያየ ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ ያሰፍራል፤ ስንት ሕፃን እንደተከተበ፣ ስንት ሰው በወባ እንደታመመ፣ ስንት እናት እንደወለደች። ዕድሜው ሠላሳ ሁለት ነው። ሥራው ንጹሕ፣ ሰንጠረዡ ለዓይን የሚማርክ ስለነበር አለቃው አቶ ደጀን እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ የኛን ልጅ ሥራ ተመልከቱ» እያለ ያሳይለት ነበር።

የተወለደው ወይራ ውሃ ነው። ወይራ ውሃ ከመርሳ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል የምታስኬድ ቀበሌ ስትሆን፣ መንገዱ መሀል ላይ ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ ተረግጦ የሚታለፍ ወንዝ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን በሬ ይወስዳል። እናትና አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደገችው የአባቱ እህት ነኢማ ናት። መርሳ ሲማር በየሳምንቱ ስንቁን አዝላ ያንን ወንዝ እየተሻገረች ታመጣለት ነበር።

በዚያ ዓመት ለሰባት ወር ያህል መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩም ሲጠፋ ሲመጣ ከረመ። በእነዚያ ወራት ከወይራ ውሃ ጤና ጣቢያ አንድም ሪፖርት አልደረሰም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን የጣቢያው አዋላጅ ነርስ ሲስተር ራሄል የሰባቱን ወር ወረቀት በአረንጓዴ ክላሰር አድርጋ ራሷ ይዛ መጣች።

«አንድም ወር አላጎደልኩም» አለችው። «እስክሪብቶ ያለቀብኝ ጊዜ በእርሳስ ነው የጻፍኩት። ታነበዋለህ አይደል?»

«አነበዋለሁ፤ አታስቢ።»

ክላሰሩን መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው። ያለፉት ወራት ኮምፒውተሩ ላይ ተዘግተው ስለነበር እነሱን ለማስከፈት ደብዳቤ መጻፍ፣ ማስፈረምና ከወልድያው የዞን ቢሮ መልስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ነገ አደርገዋለሁ አለ። በማግሥቱ ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያም ሌላ። በክላሰሩ ላይ ሌላ ወረቀት እየተደራረበበት ሄደ።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ አቶ ደጀን ፈጠን ብሎ ገባ። ተጠቃሚ ያነሰባቸውን ክፍሎች ከሌላው ጋር ለማዋሐድ የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ የዓመቱ የወላዶች ቁጥር ከየጣቢያው ተለይቶ እስከ ስምንት ሰዓት እንዲደርሰው ይፈልጋል። ዓሪፍ ሠራው። ሁሉም መስመር ሞላ፤ የወይራ ውሃ መስመር ብቻ ሰባት ባዶ ሣጥን ነበረበት። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

መሳቢያውን ከፈተ። የአረንጓዴው ክላሰር ጫፍ ከሌላው ወረቀት ሥር ይታያል። የእርሳስ ጽሑፍ እያነበቡ መደመር አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ለምን እስከዛሬ አልገባም ቢባልም መልስ የለውም። «መረጃ አልደረሰም» ብሎ ቢተወው ደግሞ ሰንጠረዡ ያላለቀ ይመስላል። መሳቢያውን ዘጋና በሰባቱም ሣጥኖች ውስጥ ዜሮ ጻፈ። የወይራ ውሃ ድምር አሥራ ዘጠኝ መጣ። ላከው።

ከዚያ ወጥቶ ምሳውን በላ። በኋላ ደጋግሞ ያሰበው ይህንን ነው፤ የዚያን ቀን ምሳው ጣፍጦት ነበር።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ደብዳቤ ወጣ። የወይራ ውሃ ማዋለጃ ክፍል የተጠቃሚው ቁጥር ዝቅተኛ በመሆኑ ይዘጋል። እናቶች ወደ መርሳ ሄደው ይወልዳሉ፤ አልጋውና ዕቃው ከነመዝገቡ ታሽጎ ወደ ግምጃ ቤት ይገባል፤ አዋላጇም ወደ ሌላ ቦታ ትዛወራለች። በጣቢያው የሚቀረው ክትባትና የራስ ምታት ክኒን ብቻ ነው።

ሲስተር ራሄል የዝውውር ወረቀቷን ለመውሰድ የመጣች ቀን ከዓሪፍ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«ያመጣሁልህን ወረቀት አስገብተኸዋል አይደል?»

ዓሪፍ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሣም። «አስገብቼዋለሁ፣ ሲስተር።»

«እንግዲያው ቁጥሬ አንሶ ነዋ።» ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ እኮ ብዙ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ምናልባት ቤት ለቤት ይበልጥ መዞር ነበረብኝ። እቤቷ መውለድ የምትፈልገውን ይበልጥ ማግባባት ነበረብኝ። አሁን እነዚያ ሴቶች በኔ ስንፍና ነው ወንዝ የሚሻገሩት።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን በዚያው ሰሞን ለአንድ ዓመት ሥልጠና ስማቸው ከተላለፈ ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ መሆኑን አቶ ደጀን ለዓሪፍ ነግሮት ነበር። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ብቻ አላት፤ ራሄልም ለማጽናናት ያለው መስሏት አመስግናው ወጣች።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ነኢማ ደወለች።

«ዓሪፍ፣ የእድር ቀን ሁላችንም ትምህርት ቤቱ ግቢ እንሰበሰባለን። ጋሽ ሀብቴና ሼህ ኡበይደላ ሆነው አቤት እንበል ተባብለናል። ማመልከቻውን የሚጽፍልን አጣን። ከእኛ ወገን ቢሮ ያለህ አንተ ነህ፤ አንተ ጻፍልን።»

«እኔ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነኝ እኮ፣ አክስቴ።»

«ስምህን አትጽፍበት። እጅህን ብቻ ነው የምንፈልገው።»

ጻፈው። በሕይወቱ እንደዚያ አድርጎ የጻፈው ነገር የለም። ማመልከቻው ካማረ፣ የሰው ልብ ከነካ፣ ክፍሉ ይከፈታል ብሎ አሰበ፤ ያን ጊዜ የአረንጓዴው ክላሰር ነገር ሳይነሣ ይቀራል። ለዚህ ነው የተጠበበበት።

በእድሩ ቀን ግቢው በሰው ሞላ። ሼህ ኡበይደላ ዱዓ አደረጉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አሜን አለ። ጋሽ ሀብቴ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማንበብ የተማሩ ሽማግሌ። ማመልከቻውን መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው አነበቡት። «እኛ የወይራ ውሃ ነዋሪዎች አዲስ ነገር አልጠየቅንም፤ ያለንን አትውሰዱብን ነው የምንለው» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። ሴቶቹ አለቀሱ። ሰው ሁሉ ተራ ይዞ፣ የሚፈርም ፈረመ፤ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ አሻራውን አኖረ።

ሼህ ኡበይደላ ዓሪፍን ትከሻውን ይዘው «እጅህ ይባረክ፤ አላህ ክፉ አያሳይህ» አሉት። አንዲት አሮጊት ቀርበው እጁን ሳሙ። ዓሪፍ እጁን ለመንጠቅ ሞከረ፤ እሳቸው ትሕትና መሰላቸውና እንደገና ሳሙት።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነኢማ፣ ሼህ ኡበይደላና ጋሽ ሀብቴ ማመልከቻውን ይዘው በሚኒባስ ወልድያ ሄዱ። ሲመለሱ ዓሪፍ መርሳ መናኸሪያ ላይ ተቀበላቸውና አንድ ጭማቂ ቤት አስገባቸው። ሦስቱም ፊታቸው ጠቁሯል።

«እንዴት ሆነ?» አላቸው።

«ሰውየው ክፉ አይደለም» አሉ ጋሽ ሀብቴ። «ወንበር ሰጠን፤ ማመልከቻውን እስከ መጨረሻው አነበበው። ‹በጣም ጥሩ ነው የተጻፈው› አለ። ከዚያ አንድ ሰንጠረዥ ዘርግቶ አሳየን። በዓመት አሥራ ዘጠኝ ወላድ። ‹ማስረጃ ይህ ነው፤ እኔ ከዚህ ውጪ ምን ላድርግ?› አለን።»

ነኢማ ጭማቂውን አልነካችውም። «አሥራ ዘጠኝ! በኔ ጎጥ ብቻ የተወለደውን ልጅ ልቁጠርልህ?» ጣቶቿን እያጠፈች ጀመረች፤ የእንትና ልጅ፣ የእንትና መንታዎች። የሁለት እጇ ጣት አልበቃትም። «ይህን ቁጥር የሚያወጣው ማነው፣ ልጄ?»

ዓሪፍ ብርጭቆውን አዟዟረ። «ከየቦታው እየተሰበሰበ... ከላይ ነው የሚጠናቀረው።»

«ከላይ ከሆነ እንግዲህ እኛ ከታች እንቆጥራለና» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

ቀልድ መስሎት ነበር። አልነበረም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነኢማና ጋሽ ሀብቴ አንድ ደብተር ይዘው ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። ነኢማ ትጠይቃለች፤ ጋሽ ሀብቴ ይጽፋሉ። ልጁ መቼ ተወለደ፣ ጤና ጣቢያ ነው ወይስ እቤት? እናቲቱ አሻራዋን ታኖራለች። እቤት የተወለደ ከሆነ ጋሽ ሀብቴ አይጽፉትም። ዝናቡ በርትቷል፤ ጭቃው ጉልበት ይይዛል። ሁለቱም ስድሳን ያለፉ ሰዎች ናቸው።

ነኢማ በየሦስት ቀኑ ትደውላለች። «ሃያ ስምንት ደረስን።» «ሠላሳ ስድስት ደረስን፣ አልሐምዱሊላህ።» «ዛሬ ጋሽ ሀብቴ ተንሸራተው ወደቁ፤ ደህና ናቸው፤ አርባ አንድ ደርሰናል።»

አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ጭር ሲል ዓሪፍ ክላሰሩን አውጥቶ ደመረው። በሰባቱ ወር አርባ አራት እናቶች ወልደዋል። ከአሥራ ዘጠኙ ጋር ስድሳ ሦስት። አክስቱ በክረምት ጭቃ የምትፈልገው ቁጥር ይኸው መሳቢያው ውስጥ ነበር። ክላሰሩን መልሶ ከተተው። ሥልጠናው የሚጀምረው በመስከረም ነው፤ ደብተሩ ካለቀ በኋላ ኮሚቴው ራሱ ሊያጣራው ይችላል፤ ማንም ሳይጎዳ ነገሩ ይስተካከላል። እንዲህ እያለ ለራሱ ነገረው። ከዚያ በኋላ ግን እንጀራ ሲቆርስ እጁ ላይ የአሮጊቷ ከንፈር የሚሰማው ይመስለው ጀመር።

ነሐሴ አሥራ አምስት ቀን ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነኢማ ደወለች። ድምፅዋ እንደሌላው ቀን አልነበረም።

«የሂሻም ሚስት ወንዝ ዳር ወለደች» አለችው።

ሂሻም ከዓሪፍ ጋር አብሮ ያደገ ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ለይላ ትባላለች። ምጧ የጀመራት በጠዋት ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ተሸከማት። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ከላይ ዘንቦ ኖሮ ውሃው እንጨትና ድንጋይ እያገላበጠ ይወርዳል። ጎድሎ እንዲያሻግራቸው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ቆመው ጠበቁ። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ወንዶቹ ፊታቸውን አዙረው ጋቢያቸውን ዘርግተው እየከለሉ፣ ሴቶቹ አዋለዷት።

«ሕፃኑስ?»

«ሴት ናት። አንድ ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ ትንፋሿ አልመለስ አለ።» አለች ነኢማ። «ለይላን ውሃው ሲጎድል አሻግረዋታል፤ ደሟ ቆሟል፤ ትተርፋለች ብለዋል። ሕፃኗ ግን ወደ አላህ ሄዳለች።»

ነኢማ ግን አልጨረሰችም።

«ብስጭት ብዬ ለጋሽ ሀብቴ ‹እሷንም ደብተሩ ላይ ጻፏት› አልኳቸው። ‹የለም ነኢማ፣ ጤና ጣቢያ አልተወለደችም፤ ውሸት አንጽፍም› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ውሸት አንጽፍም።»

በማግሥቱ ጠዋት ዓሪፍ ክላሰሩን አቶ ደጀን ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ቆሞ ሁሉንም ነገረው። አቶ ደጀን የእርሳሱን ጽሑፍ ገጽ በገጽ አገላበጠ፤ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔ ብቻ።»

አቶ ደጀን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓሪፍን ይወደው ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወረቀቱ ገና አሁን ደረሰን ብንልስ? ክፍሉም ይከፈታል፤ አንተም ሥልጠናህ አይቀርብህም።»

ዓሪፍ አንድ አፍታ አሰበበት። ማሰቡን በኋላ አልደበቀም። «እንደሱ ካልን ያዘገየችው ሲስተር ራሄል ናት ማለት ነው» አለ። «እሷ አላዘገየችም።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና በራስህ እጅ ጻፈው» አለ አቶ ደጀን፣ ወረቀት ወደ እሱ እየገፋ።

ጻፈ። ከዚያ ከግቢው አጥር ሥር ቆሞ ለራሄል ደወለላት። እስኪጨርስ ድረስ አላቋረጠችውም።

«ሁለት ወር ሙሉ ራሴን ስረግም ነው የከረምኩት» አለችው። «ፊት ለፊትህ ተቀምጬ እየረገምኩ አይተኸኛል።»

«አይቼሻለሁ።»

ስልኩን ዘጋችው።

ወይራ ውሃ የሄደው በዚያው ቀን ነው። ወንዙ ጎድሎ እስከ ጭን ደርሷል፤ ሱሪውን አውልቆ ትከሻው ላይ አድርጎ ተሻገረ። በወዲያኛው ዳር የቃሬዛው ጠፍር ተበጥሶ ወድቆ አየ፤ ሣሩም የሰው ብዛት እንደረገጠው ተኝቷል። ቶሎ ብሎ አለፈ።

ነኢማ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የበቆሎ እሸት ትሸለቅቅ ነበር። ደብተሩ አጠገቧ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ስታየው ደስ አላት፤ ለለቅሶ የመጣ መስሏት «አላህ ያክብርህ፣ ጥሩ አደረግህ» አለችው። ቆሞ ነገራት። እጇ እሸቱ ላይ ቀረ።

«ያን ማመልከቻ የጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስትጽፈው ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጋሽ ሀብቴ ጭቃ ላይ የወደቁ ዕለት ደውዬልህ... ያን ጊዜም?»

«ያን ጊዜም።»

ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። ስትጮህ ያውቃታል፤ ልጅ ሳለ ፍየል ማሳ አስገብቶ የጮኸችበትን ጩኸት ሦስት ጎጥ ሰምቶታል። አሁን ግን አልጮኸችም። ሻርፗን ከማገሩ ላይ አውርዳ ራሷ ላይ ጣለች።

«ተነሥና ና። ለእኔ ብቻ ነግረኸኝ አትመለስም።»

ለይላ መርሳ አንድ ሌሊት ብቻ አድራ በጠዋቱ ተመልሳ ነበር፤ መደቡ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ሂሻም በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ለቅሶ የመጡ ጥቂት ሴቶች ነበሩ፤ ነኢማ በዓይኗ አስወጣቻቸው። ዓሪፍ ሊቀመጥ አልደፈረም። ቁጥሩን ዜሮ ያለው እሱ እንደሆነ፣ ወረቀቱ እጁ ላይ እንደነበር፣ ቢናገር ኖሮ ክፍሉ ላይዘጋ ይችል እንደነበር ነገራቸው። «አላወቅሁም ነበር» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር፤ መልሶ ዋጠው።

ሂሻም መሬት መሬት ያያል። የተናገረችው ለይላ ናት።

«አልቅሳለች እኮ» አለች። «ወንዝ ዳር የነበረ ሁሉ ሰምቷታል። አልቅሳለች ብለው ሼሁ ስም አውጥተውላት፣ ሰግደውባት ነው የተቀበረችው። ሰዓዳ ትባላለች።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንተ ጋ ያለው መዝገብ ላይ ሰዓዳ አለች?»

«የለችም።»

«የት ላይ ትጻፋለች?»

ዓሪፍ ቅጾቹን በልቡ አገላበጠ። በጤና ጣቢያ የተወለደ የሚል ሣጥን አለ። እቤት የተወለደ የሚል አለ። ስምንት ዓመት ሙሉ እነዚያን ሣጥኖች ሲሞላ ኖሯል።

«የምጽፍበት ቦታ የለኝም» አላት።

ለይላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሂሻም ቀስ ብሎ ተነሣና በሩን ከፈተ። «ሂድ ዓሪፍ» አለው። ቁጣም ልምምጥም አልነበረበትም። «አሁን ሂድ።»

መስከረም ላይ ወልድያ ተጠሩ። ነኢማና ጋሽ ሀብቴ ደብተሩን፣ ዓሪፍ ክላሰሩንና የጻፈውን ወረቀት ይዘው ቀረቡ። ሦስቱም በአንድ ሚኒባስ ሄዱ፤ ነኢማ ግን ከጋሽ ሀብቴ ጋር ፊት ተቀመጠች፤ እሱ ኋላ ብቻውን።

ኮሚቴው ደብተሩንና ክላሰሩን አመሳከረ። ደብተሩ ላይ ስድሳ አንድ አሻራ ነበር። ሁለቱ እናቶች ከቀበሌው ርቀው ስለሄዱ አልተገኙም እንጂ ቁጥሩ አንድ ነው። ከኮሚቴው አንዱ ደብተሩን ከፍ አድርጎ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሀብቴ ነኢማን አመለከቱ። ነኢማ ጋሽ ሀብቴን አመለከተች። ከዚያ ሰውየው ሰንጠረዡን አነሣ። «ይህንንስ?»

ዓሪፍ ተነሥቶ ቆመ። «እኔ ነኝ» አለ። ጥያቄ ጠየቁት፤ መለሰ። ስለ ወንዙ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱ ራሱ አነሣው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ።

በጥቅምት ማዋለጃ ክፍሉ ተከፈተ። ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ ሲመለስ የወይራ ውሃ ሰው ወንዙ ድረስ ወርዶ አልጋውን በሸክም አሻገረው። ሲስተር ራሄልም የተሻለ ቦታ ደርሷት ሳለ በራሷ ጥያቄ ተመልሳ መጣች። ድልድዩ ይሠራል ተብሎ ቃል ተገብቷል፤ እስካሁን ግን ድንጋይ እንኳ አልተቆለለም። ነኢማና ጋሽ ሀብቴ ለሱም ሌላ ደብተር ጀምረዋል።

ዓሪፍ ሥልጠናው ተሰርዞ ከደረጃው ዝቅ ተደርጎ ግምጃ ቤት ተመደበ። ካርቶን ይቀበላል፤ ካርቶን ያወጣል። አልተከራከረም። ክፍሉ የተከፈተ ቀን ነኢማ እንዲመጣ አላከችበትም፤ እሱም አልሄደም። ከወር በኋላ ግን እንደ ድሮው አንድ ፌስታል የተቆላ ጥሬ በሰው ላከችለት። ደውሎ ሲያመሰግናት «ብላው» ብቻ አለችው። ሼህ ኡበይደላ «ራሱ ባያወጣው ማን ያውቅበት ነበር?» ብለው ተከራክረውለታል። እጁን የሳሙት አሮጊት መርሳ ገበያ ላይ ሲያገኙት ግን መንገድ ይለውጣሉ።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ዓሪፍ ከገበያው ዳር ቆሞ ሳለ ከኋላው ስሙ ተጠራ። ዘወር ሲል ሂሻም ነው። አንድ ኬሻ ሽንኩርት ባጃጅ ላይ ሊጭን እየታገለ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም።»

«ደህና ከረምህ? ሥራ ደህና? ጤናህስ?» አለ ሂሻም። ሰላምታው ሙሉ ነበር፤ አንድም ነገር አልጎደለበትም። «እስቲ በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ኬሻውን በሁለት ወገን ይዘው አነሡት። ሂሻም በገመድ ሲጠፍረው ዓሪፍ ደግፎ ቆመ። ይሰድበኛል ብሎ ስንት ወር ሙሉ ሲጠብቅ የነበረው ሰው ከጎኑ ገመድ ይስባል።

«ለይላ ደህና ናት» አለ ሂሻም ሳይጠየቅ። «ከቤት መውጣት ጀምራለች።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ሂሻም ገመዱን ቋጥሮ ጨረሰ። «ሰዎች ሽማግሌ ላክ እያሉህ እንደሆነ ሰምቻለሁ። አትላክ። ልከህ እምቢ እንዳልልህ። ገና ነው።»

«እሺ።»

ሂሻም ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ከሹፌሩ ጎን ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ባጃጁ ወደ ዋናው መንገድ ታጥፎ ከመኪናዎቹ መሀል ገባ። ዓሪፍ እዚያው ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ቅዳሜም ቢሆን የሚራገፍ ካርቶን ነበረና ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደ።